ዘመድ የሌለበት ከተማ

ዩኒቨርሲቲ እንዴት ይመረጣል ብላችሁ ብትጠይቁ ትምህርት ቤት ያሉ አማካሪዎች ብዙ ነገር ይነግሯችኋል። የትምህርት ክፍሉን ጥራት እዩ፣ ቤተ ሙከራውን እዩ፣ የመምህራኑን ብቃት አጣሩ ይሏችኋል። ደግ ምክር ነው፤ እኔም ተቀምጬ አዳምጬዋለሁ። እኛ ሰፈር ግን፣ አብነት ማለቴ ነው፣ ከጥራቱም ከቤተ ሙከራውም በፊት የሚመጣ ጥያቄ አለ። "እዚያ ማን አለን?" ይባላል። ማንም ከሌለን ዩኒቨርሲቲው ከነመምህራኑ ይቅርብን።

እንዳትስቁብኝ፣ እናንተም ቤት ያው ነው። እስቲ የአክስታችሁ ልጅ ሐዋሳን ለምን እንደመረጠ አስታውሱ። የትምህርት ክፍሉን ወድጄ ነው ብሏችሁ ይሆናል። እናቱን ብትጠይቋት ግን እዚያ ሱቅ የከፈተ አጎት እንዳለው፣ ሰውየው ቅዳሜ ቅዳሜ ጠርቶ እንደሚያበላው ትነግራችኋለች።

የእኔ ችግር ደግሞ የምፈልገው የዚህን ተቃራኒ መሆኑ ነበር። ያደግኩት አንድ የውሃ ቧንቧና አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ ለሁሉም በሆነበት ግቢ ውስጥ ነው። አባዬ ጎሚስታ ነው፤ አብነት መንገድ ዳር ጎማ ይጠግናል። ጎሚስታ ማለት ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ተቀምጦ መንገዱን የሚያይ ሰው ማለት ነው። የታክሲ ሹፌሩም ረዳቱም ደንበኞቹ ናቸው። ስለዚህ ከተክለ ሃይማኖት ተሳፍሬ ቤት እስክደርስ የት ቦታ እንደተቀመጥኩ፣ አጠገቤ ማን እንደነበረ፣ ስቄ እንደሆነም መሳቄ ጭምር ከእኔ ቀድሞ ይደርሰዋል። አይቆጣም። ጥቁር እጁን በጨርቅ እየጠረገ "ከማን ጋር ነበርሽ?" ይላል። በቃ፣ ይህችን ብቻ። እሷን ብቻ እየመለስኩ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደረስኩ።

ፍቅር መሆኑን አጥቼው አይደለም። ግን አንድ ጊዜ እንኳ ማንም በማያውቀኝ መንገድ ላይ፣ ማንም ለማንም በማይነግርብኝ መንገድ ላይ፣ እንዲሁ ዝም ብዬ መሄድ አማረኝ። ሌላው ሰው ዲግሪ ሲመኝ እኔ የተመኘሁት ይህንን ነው። ዲግሪውም ባይጠላም።

የመልቀቂያ ፈተናውን አለፍኩ። ስንቱ በወደቀበት ማለፌ ለግቢው ሁሉ ማለፍ ነበርና እልልታው ከጎረቤት ጎረቤት ተቀባብሎ ሄደ። ከዚያ ምርጫ ሙሉ ተባልን። የሚሞላው በስልክ ነው፤ ስልኩ ደግሞ በእጄ ነው። ነፃነት ማለት ይህ መስሎኝ ነበር።

አባዬ ከሥራ ገብቶ ታጠበ። እማዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የሐያት እናትም ተጠራች፤ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤታችን ናት፣ የወሎ ሰው፣ ዘመድ በመቁጠር ግቢው ውስጥ የሚስተካከላት የለም። ልጇ ሐያት ከእኔ በአንድ ክፍል ታንሳለች። እሷም በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች፤ የነገ ዕጣዋን የምታይ ያህል በጥሞና።

"ሐዋሳ" አልኩ፣ ለመጀመር ያህል።

"እሰይ! የክርስትና እናትሽ ወንድም እዚያ አይደል እንዴ!" አለች እማዬ።

"ጅማስ?"

"የአጎቴ ልጅ አለ" አለ አባዬ። "እሱ ባይኖርም በዚያ መስመር የሚመላለስ ሹፌር ሁሉ እኔን ያውቀኛል። አይዞሽ።"

እኔ መች ፈራሁ!

"እሺ፣ ደሴ።"

"ደሴማ የእኔ ወገኖች አሉ" አለች የሐያት እናት በኩራት። "የእኔ ዘመድ የእሷ ዘመድ አይደለም ወይ?" ማንም አይደለም ያላት የለም።

በዚህ ዓይነት አገሩን አዳረስነው። ሰሜን ስሄድ የእማዬ የእንጀራ አባት ወንድም፣ ምሥራቅ ስሄድ የድሮ አከራያችን፣ ምዕራብ ስሄድ አባዬ ድሮ ሥራ ያስለመደው ልጅ፣ ሁሉም በየከተማው መግቢያ ላይ ቆመው የሚጠብቁኝ መሰለኝ። ካርታው ሊያልቅብኝ ነው ብዬ ተስፋ ስቆርጥ "አርባ ምንጭ" አልኩ።

እማዬ ጣሪያውን አየች። አባዬ እጁን አየ። የሐያት እናት ከንፈሯን መጠጠች። ማንም የለም! ደስታዬን እንዳያዩብኝ አቀረቀርኩና የውሃ ምህንድስና መማር እንደምፈልግ፣ ለእሱ ደግሞ አርባ ምንጭ እንደሚመረጥ አስረዳሁ። ውሸት አልነበረም፤ ሁለተኛው ምክንያቴ ነበር።

"ማንም በሌለበት አገር?" አለች እማዬ፤ ድምጿ ተለወጠ። "ብትታመም ውሃ የሚያቀብላት እንኳ በሌለበት?"

አባዬ ግን "የምትማረው እሷ ናት፤ ትሙላ" አለ። ሞላሁ፣ አንደኛ። እንዲህ ያለ አባት እንዳለኝ እስከዚያች ቀን አላውቅም ነበር፤ ጥያቄውን እንጂ መልሱን ሰምቼለት አላውቅማ።

ምደባው ሲወጣ አርባ ምንጭ ደረሰኝ። ግቢው ውስጥ ብቻዬን ጨፈርኩ። ጭፈራው ግን እማዬ ከልደታ እስክትመለስ ነው የቆየው። ለስሟ ጠዋፍ ልታበራላት ሄዳ ነበር። ነጠላዋን እንደተከናነበች፣ ፊቷ ወገግ ብሎ ገባች።

"ልደታ ሰማችኝ! ቅጽሩ ውስጥ ከማን ጋር ብገናኝ ጥሩ ነው? ከአባትሽ አክስት ጋር! ስናወራ፣ ስናወራ፣ ሽታዬ አርባ ምንጭ አይደለችም እንዴ አትለኝም!"

እትዬ ሽታዬ የአባዬ አክስት ባል የእህት ልጅ ናት። ከቤተሰቡ ጋር የተያየችው ከስንት ዘመን በፊት በአንድ ለቅሶ ላይ ቢሆንም ዝናዋ ግን አልተረሳም። ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ትኖራለች፣ የምታከራየው ባጃጅ አላት፣ ሴት ልጅ አላት፣ በእሷ ደጃፍ ደግሞ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የምትገባ ልጅ የለችም። "ቅዳሜና እሁድ እሷ ጋ ነው የምትውዪው" አለች እማዬ። "ሌላውንም ቀን እሷ ትከታተልልናለች።" አባዬ እንኳ ደስ አለው።

"እንግዲያው ስልኳን ፈልጊና ደውዪላታ" አልኳት፣ ምናልባት አልፈልግም ትል እንደሆነ ብዬ።

እማዬ ስድብ የሰማች ያህል አየችኝ። "ዘመድ ቤት ተደውሎ ይኬዳል እንዴ? እንግዳ ነን?"

ባዶ እጅ ደግሞ አይኬድም። እማዬ በርበሬና ሽሮ ቋጠረች። አባዬም የራሱን አሰበ። ሽታዬ ባጃጅ አላት ተብሏል፤ ባጃጅ ደግሞ በጎማ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ካሉት ሁሉ ጥሩውን መርጦ፣ አጥቦ፣ በገመድ አስሮ አስያዘኝ። አገር ምድሩ አንሶላና ትራስ ይዞ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ እኔ ጎማ ይዤ ገባሁ። መናኸሪያው ላይ አዲስ ተማሪ የሚቀበሉት ነባር ተማሪዎች ከላይ እስከ ታች አዩኝና አንዱ "እህት፣ መኪናው በኋላ ነው የሚመጣው?" አለኝ። በዚያው ባለ ጎማዋ ተብዬ ቀረሁ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ በርበሬውን በአንድ እጄ፣ ጎማውን በትከሻዬ ይዤ ሲቀላ ወረድኩ። ነፃነቴን በገዛ እግሬ ላስረክብ መሄዴ ነው። ቤቱን ያሳዩኝ ወዲያው ነው፤ በሩ ግን ተቆልፏል። አጠገቡ ማንጎ የምትሸጥ ጎረቤት አለች።

"ሽታዬን ነው? ትናንት ሄደች እኮ" አለችኝ።

"የት?"

"አዲስ አበባ። ልጇ እዚያ ተመደበችላትና ብቻዋንማ አልለቃትም ብላ ባጃጇን ሸጠች፣ ቤቷን ቆለፈች፣ ይዛት ሄደች። መርጠው ነው የሞሉት፤ ዘመድ አለን ብለው። ልደታ አካባቢ ነው አሉ፣ አብነት። ሰውየው ጎማ የሚጠግን ነው።"

ጎማው ከትከሻዬ ወረደ።

"ለመሆኑ ደውላላቸዋለች?"

ሴትዮዋ በአግራሞት አየችኝ። "ዘመድ ቤት ተደውሎ ይኬዳል እንዴ?"

ለእማዬ ደወልኩ። ከኋላዋ የቤቱ ጫጫታ ይሰማል። "ብሌኔ! አሁን ልደውልልሽ ነበር! ማን እንደመጣ ብነግርሽ አታምኚም!" አለች። ስልኩን እትዬ ሽታዬ ተቀበለቻት። "አይዞሽ ልጄ፣ እግዜር ያወቀው ነው። ልጄ አልጋሽ ላይ ተኝታ ወደ ትምህርቷ ትመላለሳለች። አባትሽ ደግሞ ይባረክ፤ መንገዱን እኔ አይልሻለሁ ብሎኛል" አለችኝ። ያቺን ልጅ አላውቃትም፣ ግን ከልቤ አዘንኩላት። ሹፌሮቹን፣ ረዳቶቹን፣ የልብስ ማስጫውን ገመድ፣ ሁሉንም እንዳለ ተረክባለች።

ጎማው ላይ ቁጭ ብዬ ማንጎ በላሁ። ሲቀላ ውስጥ እኔን የሚያውቅ አንድ ሰው የለም። ሳቄ መጣና ብቻዬን ሳቅኩ፤ መሳቄንም ለማንም የነገረብኝ የለም። ከዚያ ሐይቁ ወደሚታይበት ዳገት ዝም ብዬ ሄድኩ፣ ቆምኩ፣ ስፈልግ ተመለስኩ። ያማረኝ መንገድ እንዳማረኝ ጣፈጠ። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። ያን ቀን እማዬ መልሳ ደውላ "ገባሽ?" አላለችኝም፤ ቤቱ እንግዳ ሞልቶበት ነው። እኔ ግን ስልኩን ደጋግሜ አይ ነበር።

ዓመቱ በሰላም አለፈ። በርበሬውን ከጓደኞቼ ጋር ጨረስነው። ጎማው ታጥቦ፣ ጨርቅ ለብሶ የዶርማችን ወንበር ሆነ። የውሃ ምህንድስናውም ደረሰኝ፤ ሁለተኛው ምክንያቴ ይኸው አንደኛ ሆኖ አረፈ። ከየት መጣሽ፣ ወዴት ትሄጃለሽ የሚል የለም። በሰው አገር ተመችቶኝ፣ ደልቶኝ ኖርኩ።

የክረምቱ ዝናብ አብቅቶ አዲስ ተማሪዎች መግባት በጀመሩበት ሰሞን አንድ ከሰዓት በኋላ የዶርሙ በር ተንኳኳ። ስከፍተው ሐያት ናት፤ የሐያት እናት ሐያት። በእጇ የበርበሬ ቋጠሮ ይዛለች። ፊቷን ሳየው አወቅኩት፤ አምና ሲቀላ ይዤው የወረድኩት ፊት ነው።

"ሳልደውል መጣሁ" አለችኝ። "እማዬ ናት። አርባ ምንጭን አንደኛ ያስሞላችኝ እሷ ናት፤ እዚያ ማን አለን ሲባል..." ወደ እኔ አየች።

ማን እንዳላቸው ገባኝ።

አቀፍኳት፣ ጎማው ላይ አስቀመጥኳት፣ ውሃ ሰጠኋት። ልነግራት ያሰብኩት ጥሩ ነገር ነበር። እኔ እትዬ ሽታዬ አይደለሁም፣ እንደፈለግሽ ሁኚ፣ ሲቸግርሽ ብቻ ነይ ልላት ነው። እየተዘጋጀሁ ሳለሁ መቼ እንደገባች ጠየቅኳት።

"ትናንት" አለች። "ግን ዛሬ ሐይቁን ላይ ብዬ ዞር ዞር ስል ነበር።"

"ከማን ጋር?" አልኳት።