የእትዬ አባይነሽ ዘመቻ፣ ቅቤ ስለተቀባችው ብስክሌት

ባጃጅ መቱ በገባች በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ ለቧንቧ የተቆፈረው ቦይ ቧንቧ ሳያይ ሦስተኛ ክረምቱን በጨረሰበት ዘመን፣ እትዬ አባይነሽ በእድሩ ድንኳንና ድስት ላይ በተሾሙ በዘጠነኛው፣ በወርኃ ጥቅምት፣ ዝናቡ ሂድ ቢሉት አልሄድ ባለበት ሰሞን ይህ ነገር ሆነ። እኒህ አባይነሽ ማለት በሰባ ሰባቱ ሰፈራ ልጅ አዝለው ከወሎ የመጡ፣ ወባንና ዝንጀሮን ድል ነሥተው በቆሎ ያበቀሉ፣ ፊደል ሳይቆጥሩ የቆጠረውን የሚያርሙ፣ መዋዒተ ፀር፣ ሥይምተ ድንኳን ወድስት፣ ወንፊት አውሰው እንኳ ወንፊቱን የማይረሱ ናቸው።

ወበውእቱ መዋዕል የልጅ ልጃቸው ትግስት በሶር መንገድ ባለ ትምህርት ቤት በሙከራ መምህርነት ተቀጥራ ነበር። መንገዱ በእግር ሁለት ሰዓት ነው፤ ጭቃውም ጫማ ከእግር የሚነጥቅ ነውና ሁለት ጊዜ ከደወል በኋላ ደረሰች፤ ርዕሰ መምህሩም ሦስተኛ ብታረፍድ ክፍሏን ለሌላ እንደሚሰጥ ነገራት። እትዬ አባይነሽ ይህን በሰሙ ጊዜ ያላቸውን አንዲት ጊደር ሸጡና ከሰይፈ ሚካኤል ሱቅ ቀይ ብስክሌት ገዝተው መጡ።

አዲስ በሬ ግንባሩን ሳይቀባ በረት አይገባምና፣ ብስክሌቲቱንም ደጅ ላይ አቁመው ለጋ ቅቤ ቀቧት። ጎረቤታቸው ኡርጌ በኦሮምኛ መረቀች፣ እትዬ በአማርኛ መረቁ፤ ቅቤውም ከምርቃቱ ይልቅ በዛ።

ትግስት አራት ቀን እንደ ንፋስ ሄደች፣ ከደወሉም ቀደመች። በአምስተኛው ቀን፣ ዓርብ ማታ ወደ ቤቷ ስትመለስ፣ ከሱቁ በላይ ባለው ቁልቁለት ፍሬን ብትይዝ ብስክሌቲቱ አልሰማቻትም፤ ከአጥር ጋር ተላትማ ወደቀች፣ ጉልበቷ ተላጠ፣ ቀሚሷ ተተረተረ። ሰኞ ደግሞ ደወል አለ። እትዬ ቁስሉን በጨው ውኃ ሲያጥቡ አልተቆጡም፤ ዝም ማለታቸውን ያየ ሁሉ ግን ለባለሱቁ አዘነለት።

ወእምዝ ቅዳሜ ማለዳ ዘመቻው ተነሣ። ተከታዮቻቸውም እነዚህ ነበሩ፦ በቀኝ ኡርጌ፣ ጃንጥላዋን እንደ ጦር የያዘች፤ በግራ ሀያት ሳንቡሳ ሻጯ፣ የገበያውን ወሬ ሁሉ በትኩሱ የምታቀርብ፤ ከኋላ ትግስት፣ እያነከሰች ብስክሌቲቱን የምትገፋ፤ ከእርሷም ኋላ ሥራ የሌለው ሁሉ፣ እርሱም ብዙ ነበር።

ሰይፈ ሚካኤል ከባንኮኒው ኋላ ተቀምጦ ነበር። ስሙ ሰይፍ ነው፤ እርሱ ግን ዳቦ እንኳ በእጁ የሚቆርስ ለስላሳ ሰው ነው፣ ዕቃ ከሸጠ በኋላ ካልሆነ አይጠነክርም። እትዬ ያለፈውን ሁሉ ከነቀሚሱ ነገሩትና ዋጋዬን መልስ፣ ለልጅቱም ደም ካስ አሉት። እርሱ ከወንበሩ ሳይነሣ በግድግዳው ላይ በቁቤም በፊደልም የተጻፈውን አዋጅ በጣቱ አሳየ፤ አዋጁም የተሸጠ ዕቃ አይመለስም የሚል ነበር። እትዬም ሕዝቡ እንዲሰማ ዘወር ብለው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። ስለዚህ ግድግዳህ ለእኔ ምንም አላለኝም። አንተ ግን ጆሮ አለህና ስማ፤ ሽማግሌ ይቀመጥ።»

ሽማግሌም ተቀመጠ። ዝናቡ አላስቆም ስላለ በሱቁ በረንዳ፣ በቆርቆሮው ጠብታ ሥር፣ ኦቦ ደበሳ ተሰየሙ፤ የሦስት ቀበሌ ጠብ ያበረዱ፣ ባልና ሚስት ሲያስታርቁ መጀመሪያ ምሳ የሚጠይቁ አዛውንት ናቸው። ግራ ቀኙን ሰሙ። ሰይፈ ሚካኤልም ተነሥቶ በብስክሌቲቱ ዙሪያ አንድ ጊዜ ዞረ፣ ጎንበስ አለ፣ አሸተተ፣ ፊቱም በራ፤ እንዲህም ሲል አወጀ፦

«ኦቦ ደበሳ ያሽትቱልኝ። ይቺ ቅቤ ተቀብታለች። ቅቤ ያልነካው የእኔ ፍሬን የሸሸ ወይፈን ያቆማል፤ እትዬ ግን ብስክሌት አልገዙም፣ ሙሽራ ነው የወሰዱት።»

ሕዝቡ ሳቀ። ኦቦ ደበሳም አሸተቱ፣ ራሳቸውንም ነቀነቁ፤ ፍርዱ ወደ ሱቁ ሲያዘነብል ሁሉም አየ። ሀያት ወደ እትዬ ጆሮ ተጠግታ መሪዋን ብቻ ቀባሁ ይበሉ ብላ መከረች፤ ኡርጌም ያየሁት እኔ ነኝ፣ እመሰክራለሁ አለች።

በዚያች ሰዓት የእትዬ አባይነሽ ልብ በወባውም ዘመን ያላወቀውን ፍርሃት አወቀ። ቅቤው ተርፏቸው በእጃቸው ሲቀር፣ በረከት የማይደርስበት ቦታ አይኑር ብለው ፍሬኑ የሚይዘውን የቸርኬ ብረት ሁሉ እንዳሹት ያውቁ ነበርና። ሌሊቱን ያልተኙት ለጊደሪቱ አልነበረም፤ ልጄን የጣልኋት እኔ እሆን እያሉ ነበር። ትግስትም ታያቸው ነበር፣ እርሷም ታውቅ ነበር። እትዬ የሀያትን ምክር ከትከሻቸው ላይ እንደ ዝንብ አባረሩ፣ ነጠላቸውን አጣፉ፣ በሽማግሌው ፊት ቆሙ፣ ይህንንም አዋጅ ተናገሩ፦

«ቀብቻለሁ። መሪዋን ቀብቻለሁ፣ ኮርቻዋን ቀብቻለሁ፣ ቸርኬዋንም ዙሪያውን አሽቻለሁ። ኡርጌ ለእኔ ብለሽ አትዋሺ። ልጄን የጣላት የእኔ ቅቤ ከሆነ አንድ ሳንቲም አልፈልግም፣ ይቅርታም እጠይቃለሁ። ነገር ግን ይህ ሰው ከዚያው ጭነት የመጣች፣ ቅቤ ያልሸተታት፣ የእኔ እጅ ያልነካት ብስክሌት ከሱቁ ያውጣና እርሱ ራሱ በዚሁ ቁልቁለት ይውረድ። ቢቆም እኔ ሐሰተኛ።»

ኦቦ ደበሳ «ዱጋ» አሉ፤ እውነት ነው ማለታቸው ነው። ሰይፈ ሚካኤል ዝናቡን አየ፣ ቁልቁለቱን አየ፣ ሕዝቡን አየ፤ ከሁሉ የሚከፋው ሕዝቡ ነበርና ላስቲኩ ያልወለቀላት ሰማያዊ ብስክሌት አወጣ፣ ሽቅብ ገፍቶ ወጣ፣ ራስ ወርቅ እንደ ደፋ መስፍን ደረቱን ነፍቶ ተፈናጠጠ። ወረደም። በሱቁ ፊት ፍሬን ያዘ። ብስክሌቲቱ ግን አልያዘችም፤ በሽማግሌው ፊት አለፈች፣ በሀያት ሳንቡሳ ፊት አለፈች፣ ጌታዋም እየጮኸ አብሮ አለፈ፣ ሄዶም ያ ቧንቧ ያላየው ቦይ ውስጥ ገባ፤ ቦዩም በሦስት ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ ነገር ጠቀመ።

ሰዉ ሮጦ አወጣው። ኦቦ ደበሳ ሰማያዊቱን ቢያገላብጡ የፍሬኑ ሽቦ ከመቆንጠጫው ሾልኮ ወጥቷል፤ ወደ ቀይቱ ተመልሰው ቢያዩ እንደዚያው ሾልኮ ተንጠልጥሏል። ሁሉ ቅቤ ሲያሸት ሽቦ ያየ አልነበረም። እትዬ አባይነሽም ይህን ባዩ ጊዜ ከዓርብ ማታ ጀምሮ የያዙትን ትንፋሽ ለቀቁ፣ የትግስትንም እጅ ያዙ፣ ጥቂት ቆይተውም ለቀቁት፣ ሰው እንዳያይባቸው።

ፍርዱም እንዲህ ታወጀ፦ ዋጋው ሙሉ ይመለስ፤ ያለው ብስክሌት ሁሉ ሽቦው ሳይጠብቅ አይሸጥ፤ ስለ ጉልበቷ ደምና ስለ ቀሚሷም ሌላ ደህና ብስክሌት እስኪገኝ ድረስ ሰይፈ ሚካኤል በገዛ ሞተር ሳይክሉ ትግስትን በየማለዳው ከደወል በፊት ትምህርት ቤት ያድርስ። እርሱም ጭቃው ከጆሮው እየተንጠባጠበ እሺ አለ፤ ግንባሩም አብጦ ነበርና እትዬ ከመቀነታቸው በቅጠል የጠቀለሉትን ቅቤ አውጥተው በገዛ እጃቸው ቀቡት፣ አንተ እንኳ ፍሬን የለህም፣ አይጎዳህም እያሉ።

ሰኞ ትግስት ከደወሉ ሩብ ሰዓት ቀድማ ደረሰች፤ ሠላሳ ሁለት ማለዳም እንዲሁ ደረሰች፤ ርዕሰ መምህሩም ቅጥሯን አጸና።

እነሆ የመቱ ሰዎች ሆይ፣ በአጎራባቹ በኖፓም በኡካም ያላችሁ፣ እውነቱን በራሷ ላይ መስክራ ድል የነሣች ማን ናት ቢሏችሁ አባይነሽ በሉ፤ ግድግዳ ያላሸነፋት፣ ሳቅ ያልመለሳት፣ ድንኳኗ ሳይቀደድ ድስቷም ሳይጎድል ዕድሜዋ ይርዘም። በሠላሳ ሦስተኛው ማለዳ፣ በተመለሰው ዋጋ የተገዛችው አዲሲቱ ብስክሌት በመጣች ጊዜም ደጃቸው ላይ አቁመው፣ ኡርጌ በኦሮምኛ እርሳቸው በአማርኛ እየመረቁ ቅቤ ቀቧት፤ ደወሏን ብቻ።