ካድሬ የሚፈራው ሰው

የተማረውን የሚደብቅ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ካላጋጠማችሁ እነሆኝ። ለቅኔ ስል ልጅነቴን በሙሉ አኮፋዳ አንግቼ ቁራሽ ስለምን ኖርሁ፤ ከዱርቤቴ እስከ ሐሙሲት ባቴን ያልቀመሰ ውሻ የለም። ባሕር ዳር ፋብሪካ ስቀጠር ግን አብዮቱ መጣና የቅኔ ተማሪ መባል አድኃሪ ከመባል ጋር አንድ ሆነ። ስለ ጠባሳዬ ለሚጠይቀኝ ሁሉ «ሽቦ ቧጨረኝ» እላለሁ።

መቼም ልማድ ክፉ ነው። አንድ እሑድ ጠዋት፣ ቅዳሴ እንዳንሄድ ነው መሰል፣ ጣና ዳር ባለው የቀበሌ አዳራሽ ሰበሰቡን። ካድሬው ንግግሩን ሲያሳርግ ቃሉ ቤት መታ፤ እኔም ሳላስበው «ይበል!» ብዬ ጮኽሁ። በዚያ ዘመን በአንድ ቃል የተወሰደ ሰው አይመለስም ነበር።

ቅኔ ቤት «ይበል» የተባለ ተማሪ ያንኑ ስንኝ በዜማ ይደግማል። ካድሬው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ዐይኑን ጨፍኖ ደገመዋ! ኢምፔሪያሊዝም እንዲያ አንጀት በሚበላ ዜማ ተወግዞ አያውቅም።

ሕዝቡ አጨበጨበ። ካድሬው ዐይኑን ሲገልጥ ግን እኔን አየ፤ ፊቱ ዐመድ መሰለ። ስንወጣ በሩ ላይ ጠበቀኝ።

«ጓድ፣ ዛሬ ምን ሰማህ?»

«ምንም አልሰማሁም፣ ጓድ።»

እንግዲህ የትምህርቴ ትርፍ ይኸው ነው፤ ያ ሁሉ ውሻ የነከሰኝ አንድ ካድሬ እንዲፈራኝ ኖሯል። ደስ አይልም? ብቻ ካድሬ የሚፈራው ሰው ስንት ጊዜ እንደሚኖር የምታውቁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ንገሩኝ።