ቤት ቁጥር የወጣለት መኪና

በድሮው ዘመን ግብር ይበላ ነበር። ጌታው ያበላል፣ አጃቢው ይበላል፤ ቃሉ ሲነሳ የሰው ሁሉ ምራቅ ይመጣል። እኛ ዘመን ላይ ሲደርስ ቃሉ ብቻ ቀርቶ ወጡ ጠፋ። በደርግ ጊዜ አርባ ምንጭ ውስጥ በአንድ የግብር መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩና ግብር የሚሸሽ ሰው አይቻለሁ፤ ስሙ ከመዝገብ ሲጠራ ድንገት ወባ የሚነሳበትም አይቻለሁ። በገዛ እግሩ መጥቶ "እባካችሁ ግብር አስከፍሉኝ" ያለ ሰው ግን አንድ ብቻ ነው የማውቀው። እሱም እንቅልፍ ነሳኝ።

ሚስተር ሄንድሪክ ይባላሉ። ጡረታ የወጡ የከብት ሐኪም ናቸው። ከባለቤታቸው ከማርታ ጋር አልጋና ምድጃ ባለው ትልቅ መኪና አገር ላገር እየዞሩ፣ ናይሮቢ የምትኖር ልጃቸው ሳትወልድ ለመድረስ ሲጣደፉ፣ የከተማችን ታችኛው ሰፈር ሲቀላ ላይ ካምቢዮው ተሰበረ። መለዋወጫው ከአውሮፓ እስኪመጣ ወራት ፈጀ። እሳቸው ግን ሥራ አልፈቱም፤ የአቅራቢያው የጫኖ ገበሬዎች የታመመ በሬ እየነዱ ይመጣሉ፣ ሲድንላቸው ሙዝ በጆንያ ያወርዳሉ።

አንድ ቀን ታዲያ ከአገራቸው ግብር ሰብሳቢ ደብዳቤ መጣ። "ከአገር ከወጣህ ዓመት አልፎሃል። የየት አገር ነዋሪ ነህ? ማስረጃ ካልላክህ እዚሁ እንዳለህ ቆጥረን ከጡረታህ እንቆርጣለን" ይላል። የቀራጭ እጅ እንዴት እንደሚረዝም አያችሁ? እኛ እዚሁ ቅርብ ላለው ለካምባ ገበያ ማስታወቂያ ልከን በወሩ አይደርስም።

እኔ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለተማርኩ አስተርጓሚ ተባልኩ። ያኔ እንደኔ ያለ ጴንጤ ከፈረንጅ ጋር ሲያወራ መታየቱ፣ ጫሞ ሐይቅ ዳር አዞ እያዩ ልብስ እንደማጠብ ነበር። ሚስተር ሄንድሪክ አለቃዬ ፊት ተቀምጠው፣ "የትም አልኖርም፤ የቆምኩት ግን እዚህ ነው። አስከፍሉኝና ነዋሪያችን ነው በሉልኝ" አሉ።

አለቃዬ አቶ ተሰማ ከጎጃም ተመድበው የመጡ፣ ከእባብ ይልቅ ፊርማ የሚፈሩ ሰው ነበሩ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "ማነው የላከው? ጤነኛ ሰው ግብር ልክፈል ሲል ሰምተህ ታውቃለህ?" አሉኝ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ መጀመሪያ ከቀበሌ የቤት ቁጥር ያምጡ ብለው አሰናበቷቸው። ቤት የሌለው ሰው ቁጥር ከየት ያመጣል ብለው ነው።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ሻንካ የጋሞ ሰው ነው። መኪናው ውስጥ ገብቶ በር የተባለ ሁሉ ከፈተ። ትንሿ በር ላይ ሲደርስ፣

"ይቺ ምንድነው?" አለኝ።

"ሽንት ቤት ናት።"

"እንግዲያው ይሄ ቤት ነው። የእኔ ቤት እንኳ ሽንት ቤት የላትም።"

ቀጥሎ ሌላ ቤት እንዳላቸው ጠየቀ። ሚስተር ሄንድሪክ መዋሸት አያውቁምና አገራቸው ያከራዩት አንድ እንዳለ ተናገሩ። ላብ አጠመቀኝ። ትርፍ ቤት የሚወረስበት ዘመን ነዋ! ስተረጉምላቸው ማርታ፣ "ይውሰዱት፤ ጣሪያው ያፈሳል" አሉ። ጓድ ሻንካ ጥቂት አሰበና ከቀበሌው ክልል ውጭ ነው ብሎ ተወው። በዚያው ቀን መኪናው በር ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጻፈ፤ የነዋሪነት ማስረጃውም የቀበሌውና የመሥሪያ ቤታችን ማኅተም ተመትቶበት በፖስታ ሄደ፤ ግብሩን ግን ያነሳው የለም።

ነዋሪነት ግን ወረቀት ብቻ መሰላችሁ? እሁድ ስብሰባ አለ። ሚስተር ሄንድሪክ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ስለ ንቃት ይሰማሉ፤ እኔ ከጸሎት ቀርቼ አጠገባቸው አንሾካሽካለሁ። ማርታም ሴቶች ማኅበር ገቡ።

መለዋወጫው የመጣው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። የጋሞ ተራሮች ጠቁረዋል፤ ወደ ኬንያ በሚያወጣው የኮንሶ መንገድ ወንዝ ከሞላ መሻገሪያ የለም። ኬላ ለማለፍ ደግሞ ነዋሪ የቀበሌ መሸኛ ያስፈልገዋል። መሸኛ ስንጠይቅ ጓድ ሻንካ ራሱን ይዞ፣ "ነዋሪ ሲለቅ ቤቱን ለቀበሌ ያስረክባል፤ መመሪያ ነው" አለ።

ሚስተር ሄንድሪክ የመኪናው ደረጃ ላይ ቁጭ አሉ። ማርታ ለልጅ ልጃቸው የጀመሩትን ሹራብ መሥራት ቀጠሉ። የነዋሪነት ማመልከቻውን የጻፍኩላቸው እኔ ነኝና መቀመጫ አጣሁ፤ ላይኛው ሰፈር ሴቻ እወጣለሁ፣ ሲቀላ እወርዳለሁ፣ ሰማዩን አያለሁ። ለካ ጓድ ሻንካም እንደኔ ሲገላበጥ ነው የከረመው፤ ላሙን ከሞት ያተረፉለት ሚስተር ሄንድሪክ ናቸው። በአራተኛው ቀን በጠዋት መጣ።

"ቤቱ ድንበሬን ካለፈ የእኔ አይደለም። የእኔ ካልሆነ ምን እረከባለሁ?" አለ።

ያለ መሸኛ ኬላው እንዴት ያሳልፋል አልኩት። እኔንም ይዞ መኪናው ውስጥ ገባ። የቀበሌው ድንበር የሆነችውን ድልድይ ተሻግረን፣ ኬላው ሳይደርስ አስቆመን። ማርታ ሻይ ቀዱለት። እሱም ጠረጴዛቸው ላይ መሸኛውን ጽፎ ከኪሱ ማኅተም አውጥቶ መታበት። እሱና እኔ ወረድን። ኬላው ገመዱን ዝቅ አደረገ፤ ቤቱ አቧራ እያስነሳ ሄደ። "ሰው ቤቱን ይዞ ሲሄድ አየሁ" አለ ጓድ ሻንካ፤ ከዚያ በእግራችን ተመለስን።

ከወራት በኋላ ለመሥሪያ ቤታችን ከዚያው ግብር ሰብሳቢ ደብዳቤ መጣ፤ ማስረጃው ደርሶናል፣ የግብር ደረሰኙን ላኩልን ይላል። አቶ ተሰማ ወንበራቸው ላይ ተቁነጠነጡ። "ነዋሪ ነው ብለን መስክረን ግብር ሳናስከፍል ለቀቅነው ማለት ነው። የበላይ አካል ቢጠይቀን ምን እንላለን?" አሉ። ከዚያ የደረሰኙን ጥራዝ ከመሳቢያ አውጥተው ረጅም ጊዜ እኔን አዩኝ።

ደረሰኙ በሚስተር ሄንድሪክ ስም ተቆረጠ፤ ብሩ ከእኔ ደሞዝ ወጣ። በዕድሜዬ የቤት ግብር የከፈልኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ቤቱም በዚያች ሰዓት ኬንያ ውስጥ በአራተኛ ማርሽ ይሮጥ ነበር።