በኪሎ የተመዘነ ሐሳብ

የሰው ልጅ እሳትን እንዴት እንዳገኘ በቦታው ቆሞ ያየ የለም። ሐሳብ በምን ሥርዓት እንደሚመነጭና በምን እንደሚመዘን ግን ከሆሊውድ ብዙ በማይርቀው፣ ሐበሻ በሚበዛበት በፌርፋክስ ጎዳና፣ ከሰርካዲስ ምግብ ቤት ጀርባ ባለችው ክፍል፣ በስድስት ተከታታይ ቅዳሜዎች ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ ተወስኗል። ጉባኤው እጅግ ታላቅ ነበር። አምስት መቶ ሰው ተጠርቶበታል ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ወንበሩ አሥራ ሁለት ስለነበረ አሥራ ሁለቱ ተቀመጡ፤ የቀሩት ይህን አስቀድመው ስላወቁ ይመስላል አልመጡም።

የሥልጠናው ስም በሩ ላይ ተለጥፏል፦ «የጀማሪዎች የፈጠራ ሐሳብ ማመንጫ፣ ማጎልበቻ፣ መመዘኛና ማጽደቂያ የተቀናጀ መርሐ ግብር»። ወረቀቱ ከበሩ ስለሚሰፋ «የተቀናጀ መርሐ ግብር» የሚለው ግድግዳው ላይ ነው ያለቀው።

አሠልጣኙ ጋሼ ወንድምአገኝ ነበሩ። ጋሼ ወንድምአገኝ ሆሊውድ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የእንግዳ መኪና ፓርክ ሲያደርጉ የኖሩ ሰው ናቸው። ለስድሳ መኪና በተሠራ ግቢ ዘጠና ያስገባሉ፤ ከዘጠናው የተጠራውን በሁለት ደቂቃ መዝዘው ያወጣሉ። ይህን ግን ለማንም አያወሩም፤ ሥራ ነዋ፤ ሥራ ደግሞ ምን ይወራል። የሚያወሩት ስለ አንድ ቀን ነው። ፊልም ይሠራል የተባለ ሰው መኪናውን ሲያስረክባቸው «ጥላው ሥር ላቁምልህ?» ቢሉት «ጉድ አይዲያ» ብሏቸው ገባ። ሰውየው ደረጃውን ሳይጨርስ ረስቶታል። ጋሼ ወንድምአገኝ ግን አሥር ዓመት ሲያብሰለስሉት ከርመው «የሐሳብ አማካሪ» የሚል ካርድ አሳተሙና ሥራቸውን ለቀቁ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ዓይናለም አልጮሁም፣ አላለቀሱም። ቀይዋን የሥራ ሰደርያ አጠቡ፣ ተኮሱ፣ መኝታ ቤቱ በር ላይ ሰቀሉና እንዲህ አሉ፦ «ስድስት ቅዳሜ ሰጥቼሃለሁ ወንዴ። ከዚያ ክፍል አንድ የረባ አይዲያ ከወጣ፣ ይቺን ሰደርያ ሰው ፊት በመቀስ እቆርጣታለሁ። ካልወጣ ሰኞ ጠዋት ትለብሳታለህ።»

የረባ አይዲያ የሚለካው ደግሞ በሰው አፍ አልነበረም። ጥግ ላይ ያለችው ባዶ ሱቅ ባለቤት እትዬ ሮማን፣ በስድስተኛው ቅዳሜ መጥተው ደህና ሐሳብ ላቀረበ ሱቋን ለስድስት ወር ያለ ኪራይ ሊሰጡ ቃል ገብተዋል። ካላገኙ ሱቋን ለፍራሽ ነጋዴ ያከራያሉ። ነጋዴው ከወዲሁ በመስኮቱ እያየ በእርምጃ ይለካት ጀምሯል።

በመጀመሪያው ቅዳሜ የማመንጨት ትምህርት ተሰጠ። ሠልጣኞች ዓይናቸውን ጨፍነው አርባ ደቂቃ ዝም እንዲሉ ታዘዙ። ሦስቱ አንቀላፉ። ከኢንግልዉድ የሚመጣው የኤርፖርት ታክሲ ነጂው ሀቢብ ደግሞ እንቅልፍ ብቻ አልበቃውም፤ በህልሙ መሪ ሲያዞር የሰርካዲስን የውሃ ብርጭቆ ገለበጠ። ጋሼ ወንድምአገኝ ይህን «ከፍተኛ የማመንጨት ኃይል» ሲሉ መዘገቡት።

«ያመነጨ እጁን ያውጣ» አሉ።

አሥራ ሁለት እጅ ወጣ።

«የመነጨውን ይናገር።»

አሥራ አንድ እጅ ወረደ።

አይፈረድባቸውም። በዚህ ጎዳና ላይ ሐሳቡን ተናግሮ የዳነ የለም። አንድ ምስኪን ለቅሶ ቤት ተቀምጦ «ቆሎ በሚያምር ከረጢት አሽጌ ልሸጥ ነው» ብሎ ነበር፤ እዝኑን በልቶ እጁን እስኪታጠብ አራት ሱቅ ቆሎ በከረጢት ይሸጥ ጀመረ። ከአራቱ የሁለቱ ባለቤቶች የሟች ዘመዶች ነበሩ።

ያልወረደችው እጅ የትርሲት ናት። ትርሲት በዲቪ መጥታ ሦስተኛ ዓመቷ ነው፤ ዌስትውድ ውስጥ አንዲት አሮጊት ትንከባከባለች፤ ከአገር ቤት ያመጣችው ሙያ ስፌት ነው። ምላሷን የሚይዝ ነገር ፈጣሪ አልሰጣትም።

«የሀበሻ ቀሚስ ማከራየት እፈልጋለሁ» አለች። «ሴቱ ሁሉ በየሰርጉ አዲስ እየገዛ ቁም ሳጥኑ ሊፈነዳ ነው። ሶ፣ ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት? ንገሩኝ።»

ክፍሉ በሐዘኔታ ተያየ። ሐሳቧን እንዲህ ራቁቱን አደባባይ ታወጣዋለች? ይባስ ብላ ስድብ ትለምናለች? ሰርካዲስ፣ የቤቱ ባለቤትና ሠልጣኝም ስለሆነች፣ ቅድሚያ ወሰደች።

«የሰው ላብ ማን ይለብሳል የኔ እናት?»

ትርሲት ደብተር አውጥታ «ላብ» ብላ ጻፈች።

ጋሼ ወንድምአገኝ በዚያ ሳምንት እንቅልፍ አላገኙም። ሰደርያዋ በሩ ላይ ሆና ታያቸዋለች። ሠልጣኞቹ ካልተናገሩ ምን ይመዘናል? ከተናገሩ ደግሞ ይሰረቃል። በሁለተኛው ቅዳሜ መመሪያ ይዘው ብቅ አሉ፦ «ማንኛውም ሐሳብ አመንጪ ሐሳቡን በፖስታ አሽጎ፣ በጀርባው ፈርሞ፣ ሦስት ዋስ አስይዞ ገቢ ያደርጋል። ፖስታው ከምዘና በፊት፣ በምዘና ጊዜም ሆነ ከምዘና በኋላ አይከፈትም።» አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ብለዋል፤ ጋሼ ወንድምአገኝ እያንዳንዱ ሎሚ በየፖስታው እንዲገባ በማዘዝ ጥንታዊውን ጥበብ ወደ ላቀ ደረጃ አሸጋገሩት።

መመሪያው በጭብጨባ ጸደቀ። አሥራ አንድ ፖስታ ገባ። ትርሲት ፖስታ አልነበራትም።

«ያንቺማ ተወርቷል» አሏት ጋሼ ወንድምአገኝ። «የተወራ ሐሳብ ደግሞ በመመሪያው መሠረት ሐሳብ አይደለም። ወሬ ነው።»

«ኦኬ ጋሼ። ዝም ብዬ ልቀመጥና ልጠይቅ?»

«መቀመጡን ተቀመጪ።»

ከዚያ ወዲያ ምዘናው ተጧጧፈ። ሐሳቡ ስለማይታይ ዋሶች መሰከሩ። የሀቢብ ዋስ ተነሥቶ «ሐሳቡን አላየሁትም፤ አባቱን ግን አውቃቸዋለሁ» ሲል ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ፤ ሁለት ሰው ዓይኑን ጠረገ። በሦስተኛው ቅዳሜ ግን ሁሉም ዋስ ጨዋ፣ ሁሉም አባት የታወቀ ሆኖ ፖስታዎቹ እኩል ወጡ። ያኔ ጋሼ ወንድምአገኝ አንድ ነገር ብልጭ አለላቸው፦ ሐሳብ ክብደት ሊኖረው ይገባል። የሰርካዲስ የሥጋ ሚዛን ከወጥ ቤት መጣ። በአራተኛው ቅዳሜ የሀቢብ ፖስታ ሩብ ኪሎ ገባ። በአምስተኛው የሰርካዲስ ግማሽ ኪሎ አልፎ በገመድ ታሰረ። ሠልጣኙ በአንድ ሳምንት እንዲህ ሲጎለብት ያዩት ጋሼ ወንድምአገኝ፣ ለዓይናለም ስልክ ደውለው «መቀሱን አዘጋጂው፣ ይሳል» አሉ።

በየመሀሉ ትርሲት ትነሣለች። ሚዛኑ ሲወጣና ሲገባ ጊዜ ስለሚፈጅ፣ እሷን መስደብ የክፍሉ መዝናኛ ሆኖ ነበር። አጥቤ አከራያለሁ ስትል ሀቢብ ሣቀባት። ሚስቱ ኸውላ በፌስቡክ ላይ ያለውን ቀሚስ ሁሉ በጥለቱ ታውቀዋለች፤ ማን የት ሰርግ ላይ ምን እንደለበሰች ያለ ስህተት ትቆጥራለች፤ አንድ ጥለት ሁለት ሰርግ ላይ የታየች ዕለት የለባሿ ጉድ ፈላ። ትርሲት «ጥለት» ብላ ጻፈች። በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ቀሚሱ የለባሿ የራሷ ይሁን፣ እኔ ጥለቱን ብቻ ፈትቼ ልቀይርላት አለች፤ እንዲያ ሲሆን የሰው ላብም የለ። «ፈትተሽ እስክትሰፊ ሙሽራዋ ትወልዳለች» አላት አንዱ። ትርሲት ጻፈች። በአምስተኛው ቅዳሜ በቁልፍ የሚያያዝ ጥለት ይዛ መጣች፤ ሰርካዲስ ዳሰሰችና ቁልፉ ከውጭ ጎብጦ ይታያል፣ ትራስ መሰለ አለቻት። ትርሲት አመስግና ወጣች።

«ይቺ ልጅ እልህ የላትም?» አሉ ጋሼ ወንድምአገኝ፣ ከልባቸው አዝነው። አምስት ሳምንት ሙሉ አንድ ሐሳብ ሳትቀያይር መያዝ ያቃታት ምስኪን መሰለቻቸው።

ስድስተኛው ቅዳሜ ደረሰ። እትዬ ሮማን ነጭ በነጭ ለብሰው መጡ። ወይዘሮ ዓይናለም ቦርሳቸውን አቅፈው ከኋላ ተቀመጡ። የፍራሹ ነጋዴ በር ላይ ቆሟል። ጋሼ ወንድምአገኝ ለሃያ ደቂቃ ንግግር አደረጉ፤ ስለ ሰው ልጅ አእምሮ ጀምረው ስለ ሚዛኑ ጥራት ደመደሙና፣ በክብደት ቅደም ተከተል የተደረደሩትን ፖስታዎች አቀረቡ።

«ምንድን ናቸው?» አሉ እትዬ ሮማን።

«የተመዘኑ ሐሳቦች።»

«ምን ይላሉ?»

«እሱ አይታወቅም።»

እትዬ ሮማን ጋሼን ትንሽ አዩዋቸውና ከጠረጴዛው ላይ ቢላ አነሡ። መመሪያው አይፈቅድም ሊሉ የነበሩት ጋሼ ወንድምአገኝ ቢላውን ሲያዩ መመሪያው ትዝ አላላቸውም። የሰርካዲስ ፖስታ ሲቀደድ ሁለት የምግብ ቤት ሜኑና አንዲት ብጣሽ ወረቀት ወደቁ። እትዬ ሮማን አነበቡ፦ «ምግብ ቤት።» ከሀቢብ ፖስታ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ወጣ፤ በመሀሉ «ምግብ ቤት፣ ግን ንጹሕ»። ሦስተኛው፦ «ምግብ ቤት፣ ጎኑ ካለው የተሻለ»። አራተኛው፦ «ምግብ ቤት»። ከዚያ በኋላ እትዬ ሮማን ድምፃቸውን አሳርፈው በጣታቸው ብቻ እያመለከቱ አሥራ አንዱን ጨረሱ።

ከዚያ ሀቢብ ወደ ሰርካዲስ ዞረ።

«ሰረቅሽኝ።»

«እኔ? አራት ሳምንት ሙሉ ሳሽግ?»

«ታዲያ ከየት አመጣሽው!»

አሥራ አንዱም ተካሰሱ። እትዬ ሮማን የጋሼ ወንድምአገኝን የደረት ኪስ ተመለከቱ። ከዚያ ወርቃማ ጠርዝ ያላት ፖስታ ብቅ ብላለች፤ የአሠልጣኙ አርአያ ሐሳብ የምትባለው። እጃቸውን ዘረጉ። ጋሼ ወንድምአገኝ ሰጡ፤ ምን ያድርጉ።

«‹ምግብ ቤት፣ ፓርኪንግ ያለው›» አነበቡ እትዬ ሮማን።

ወይዘሮ ዓይናለም ከኋላ በረጅሙ ተነፈሱ። የፍራሹ ነጋዴ አንድ እግሩን አስገባ።

ያኔ ትርሲት ተነሣች። የለበሰችው ነጭ ቀሚስ አረንጓዴ ጥለት ነበረው። ጎንበስ አለች፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ አረንጓዴው ተላቆ እጇ ላይ ቀረ። ከቦርሳዋ ወርቃማ አወጣች፤ እንደገና ጠቅ ጠቅ አለ፤ ደቂቃም አልሞላ፣ ሌላ ቀሚስ ለብሳ ቆመች። ቁልፉ ከውስጥ ስለገባ አይታይም። ዌስትውድ፣ የአሮጊቷ መጋረጃ ላይ ሃያ ጊዜ ሞክራዋለች፤ አሮጊቷ መጋረጃው በየቀኑ ለምን እንደሚቀያየር ለሐኪም ነግረው ነበር።

እትዬ ሮማን ቀርበው ዳሰሱት። «የፊታችን ቅዳሜ ሰርግ አለብኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ባለኝ ቀሚስ ሁሉ ታይቻለሁ።»

«ምን ዓይነት ከለር ይፈልጋሉ?»

«ቆይ፣ ቆይ» አለ ሀቢብ። «የጥለቱን ነገር ያነሣሁት እኔ ነኝ!»

«ቁልፉን ወደ ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ» አለች ሰርካዲስ።

«አዎ» አለች ትርሲት። «እናንተው ናችሁ። ጽፌዋለሁ፣ ይኸው።» ደብተሩን ዘረጋች። ስድቡ ሁሉ ከነተሳዳቢው ስምና ከነቀኑ ተጽፏል።

የፍራሹ ነጋዴ እግሩን አወጣ።

የትርሲት ሱቅ በተከፈተችበት ዕለት ወይዘሮ ዓይናለም ሰደርያዋንና መቀሱን በቦርሳ ይዘው መጡ። ቃል ቃል ነው፤ ከዚያ ክፍል የረባ አይዲያ ወጥቷል፤ በማን በኩል እንደወጣ ውላቸው አይናገርም። ግን ለመቁረጡ ሥነ ሥርዓት ጊዜ አልተገኘም። ከኢንግልዉድም ከሆሊውድም የመጣው ሴት በየመኪናው ፌርፋክስን ይዞራል፤ ከሱቋ ጀርባ ያለችው ግቢ ለስምንት መኪና ናት፤ አንዷ ብቻዋን የሦስቱን ቦታ ይዛ በአግድም ቆማለች፤ የተቀሩት ጡሩንባ ነፍተው ነፍተው ሊመለሱ ነው። ትርሲት በሩ ላይ ቆማ ደንበኞቿ ሲሄዱ ታያለች።

ጋሼ ወንድምአገኝ ያችን በአግድም የቆመች መኪና አዩ። ሁለተኛ አዩ። ሊችሉ አልቻሉም። ከሚስታቸው እጅ ሰደርያዋን ነጥቀው ለበሱ፤ መቀሱ አየር ላይ ቀረ። በሩብ ሰዓት ውስጥ በስምንቱ ቦታ አሥራ ዘጠኝ መኪና ገባ። እኔ ሃያ ሰባት ነው የምለው፤ ግን አሥራ ዘጠኝ ይሁን።

«ጋሼ፣ እንዴት አድርገህ አሰብከው?» አለች ትርሲት አፏን ይዛ።

«ምን ማሰብ አለው?» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ። «መጀመሪያ በአምስት በስድስት መንገድ እሞክረዋለሁ። ካልገባ አልከራከርም፤ አውጥቼ በሌላ በኩል ነው። ከኋላ አንድ ሰው አቆምና ‹ልትነካ ነው› በለኝ፣ ጮክ ብለህ በለኝ፣ አትፈር እለዋለሁ። ዝም የሚለኝ ሰው መኪና ያስገጨኛል እኮ!»

«ጋሼ፣ ታዲያ ስድስት ቅዳሜ ሙሉ ይኼን ለምን አላስተማርከንም?»

ጋሼ ወንድምአገኝ ደነገጡ። ግራና ቀኝ አዩ። ሀቢብ ቀረብ ብሎ ቆሟል፤ ሰርካዲስም ጆሮዋን አቁማለች። ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ ተናገሩ።

«ዝም በይ ልጄ፤ ይሰሙሻል። አሽገን እናስቀምጠዋለን።»