ሕጉን ከነገመዱ

ሰው የተማረውን እየመረጠ ይረሳል የሚል ካለ፣ የቆሎ ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጠም። እኛ ከመምህር አፍ የወጣ ቃል አንጥልም። መምህሩ ቢያስነጥሱ ማስነጠሳቸውንም አብረን ለመያዝ ምንም አይቀረን። ታዲያ ይህ ሙያ አንገቴን ሊያስበላኝ ነበር ብል ማን ያምነኛል?

ጣሊያን ባሕር ዳር ገብቶ መሥሪያ ቤት እንደ ከፈተ፣ ጸሐፊ በፈተና ይቀጠራል ተባለ። ፈተናው አገራችን ከእንግዲህ ስለምትገዛበት አዲስ ሕግ ነው። ያለፈ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ይጽፋል፤ የወደቀ በዱርቤቴ በኩል ለመንገድ ድንጋይ ሲፈልጥ ይከርማል። እኔ ደግሞ በዕድሜዬ ከብዕር የከበደ ነገር አንሥቼ አላውቅም።

ችግሩ ሕጉ የተጻፈው በጣሊያንኛ ነው። ከጣና ዳር ሰዎች ቋንቋውን የሚያውቁት፣ ምጽዋ ሲነግዱ የኖሩት ታንኳ ሠሪው ሐጅ ኑሩ ብቻ ነበሩ። የደብተራ ልጅ ከሐጅ እግር ሥር ተቀምጦ ሊማር? ድንጋይ ፈለጣን ያሰበ ይቀመጣል። እሳቸው ሕጉ የታተመበትን ወረቀት ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ የታንኳውን ደንገል በገመድ እየጠፈሩ፣ አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር ወደ አማርኛ እየመለሱ ይነግሩኛል። እኔ ዐይኔን ጨፍኜ እየተወዛወዝሁ እቀበላለሁ። በሁለት ሳምንት ሕጉን ከዳር እስከ ዳር በቃሌ ያዝሁት።

የፈተናው ቀን ፈታኙ የጣሊያን መኮንን በአስተርጓሚ አድርጎ፣ ስለ አማካሪዎች የሚናገረውን አንቀጽ በል አለኝ። አስተርጓሚውንም አንዲት ቃል እንዳታጎድል ብሎ አስጠነቀቀው። እኛ ከመካከል መጀመር አናውቅበትም፤ ከመጀመሪያው ተነሥቼ ወረድሁት። አንቀጹ ጋ ስደርስ፣ ገዥው የአገሩን ታላላቆች ሰብስቦ ምክራቸውን ይጠይቃል አልሁ። ምላሴ ግን አልቆመም። ይጠይቃል እንጂ አይሰማም፤ በል ልጄ፣ ይህን ገመድ ጠበቅ አድርገህ ያዝልኝ፣ ብዬ ጨመርሁ።

ሐጅ ኑሩ በሥራቸው መካከል ያጉረመረሙትን ሁሉ ከሕጉ ጋር ሸምድጄው ኖሯል! አስተርጓሚው ፊቱ አመድ መስሎ ሁሉንም ተረጎመው። እኔ ማን አስተማረህ ቢለኝ ምን እላለሁ እያልሁ፣ የራሴን ትቼ የሽማግሌውን አንገት አሰብሁ።

መኮንኑ ወረቀቱን ደጋግሞ አገላበጠ። በመጨረሻ፣ እንዲህ የሚል በጽሑፉ ላይ የለም፤ አሠራራችን ግን እንደዚያው ነው፤ ከመጡት ሁሉ ሕጉ የገባው ይህ ሰው ብቻ ነው፣ ብሎ አሳለፈኝ።

ሮጬ ሄጄ ለሐጅ ኑሩ ነገርኋቸው። ሥራቸውን አቁመው ቀና አሉ። ከዚያ፣ ስለ ገመዱስ ምን አለ ብለው ጠየቁኝ።

ስለ ገመዱ ምንም አላለም፤ እሱንም ከአሠራራቸው ቆጥሮታል፣ አልኋቸው።