የእትዬ ሰዓዳ አራት ጣት

እትዬ ሰዓዳ ሁልጊዜ ጠዋት፣ ሱቃቸውን ከመክፈታቸው በፊት፣ ደጃፉ ላይ ወደቆመችው አሮጌ ፒካፕ ይሄዳሉ። በኋላው ጎማና ከላዩ ባለው ፓራፋንጎ መካከል እጃቸውን ያስገባሉ፤ የታመመ ልጅ ግንባር የሚዳስሱ ይመስላሉ። ከዚያ ጣቶቻቸውን አውጥተው ያያሉ። «አሁንም አራት ጣት» ይላሉ፣ ሌሊቱን ከፍ ትላለች ብለው እንደጠበቁ ሁሉ።

ሰው ሁሉ ከሁለት አንዱ ነው፤ ዋጋ ሲነገረው ኪሱን የሚፈትሽ፣ ወይም ዋጋ ሲነገረው ወንበር የሚስብ። እኔ ከመጀመሪያዎቹ ነኝ። ቲማቲም ስገዛ እንኳ ሻጯን ያስቀየምኩ እየመሰለኝ የተባልኩትን ከፍዬ እሮጣለሁ። የወንበር ሳቢዎቹ ጉባኤ ቢቋቋም ግን ሰብሳቢዋ ክብርት ወይዘሮ ሰዓዳ ናቸው፤ የደብረ ታቦር የዋጋ ቃዲ፣ የሳህንና የሳሙና አከፋፋይ፣ የእኔም አከራይ።

«መጀመሪያ የተጠራ ዋጋ ሰላምታ ነው» ይላሉ። «ሰላምታ ይመልሱለታል እንጂ አይከፍሉትም።» አንድ ጊዜ መርፌ ሊወጋቸው የቀረበን ነርስ «ግማሹን ብትወጋኝስ?» ብለውታል ይባላል። ጠይቄያቸው አልካዱም። «ተስማምቶ ነበር፣ ሐኪሙ መጣበት እንጂ» አሉኝ።

ስለ ዋጋ ሲያስተምሩ የመጥፎ ገዢ ምሳሌያቸው አንድ ነው፤ ከሦስት ዓመት በፊት በሞት የተለዩአቸው ባላቸው ጋሽ ኢልያስ። «አላህ ይዘንለትና፣ ኢልያስ ዓይኑ እያየ የሚታለል ሰው ነበር። ረጅም መኪና ጋራዥ አስገብቶ አጭር መኪና ይዞ የተመለሰ ከሱ ሌላ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?» ነገሩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ፒካፗ ሁለት ቀን ጋራዥ ውላ ስትመለስ ዝቅ ብላ ተገኘች። ጋሽ ኢልያስም «ሳያታልሉኝ አልቀሩም» ብለው ሳቁ። ከዚያ ወዲህ እትዬ ሰዓዳ ታሪኩን ለእንግዳ ባወሩ ቁጥር፣ ባላቸው አጠገባቸው ተቀምጠው አብረው ይስቁ ነበር አሉ።

ዘንድሮ ግንቦት ላይ ነገሩ ከሳቅ አለፈ። ከገሳይ ወዲያ ወዳሉት መንደሮች በሚያስገባው መንገድ ላይ አንድ ድንጋይ አለ። ባለፈው ክረምት የፒካፗን ሆድ ሦስት ጊዜ መትቷት፣ ዕቃው ሳይደርስ እየቀረ የመንደሮቹ ቸርቻሪዎች ወደ ሌላ አከፋፋይ ማየት ጀምረዋል። መኪናዋን የሚነዳው ልጃቸው አሚን ቁርጡን ነገራቸው።

«እማ፣ ክረምት ሳይገባ ከፍ ካላደረግናት እንሸጣታለን።»

«የአባትህን መኪና?»

«የአባቴ ናት። ድንጋዩ ግን ይህን አያውቅም።»

ስለዚህ መኪናዋን ከፍ የሚያደርግ ማንሻ ፍለጋ ተጀመረ። እኔም ዋጋ እንድጽፍ ደብተር ተሰጥቶኝ ተከተልኳቸው። «አንቺ አትናገሪ፣ ጻፊ» አሉኝ፤ ከዚህ የሚስማማኝ ሥራ አግኝቼ አላውቅም።

ባሕር ዳር ያለው ነጋዴ ያመጣልን ሙሉ ዕቃ በካርቶን የታሸገ ነበር፤ አዲስ ባሌስትራ፣ አዲስ አሞርዛተር፣ ካርቶኑ ላይ ደግሞ ከገደል ወደ ገደል የምትዘል መኪና። ዋጋውን ሲነግራቸው እትዬ ሰዓዳ ወንበር ሳቡ።

«ልጄ፣ የጠየቅሁህ ማንሻዋን ነው። መኪና አለችኝ።»

«ይኼ ኦሪጂናል ነው እኮ፣ እናቴ።»

«ሥዕሉን አስቀርተህ ብረቱን ብቻ ስንት ትለኛለህ?»

አንድ ሰዓት ተኩል ተቀመጥን። ነጋዴው ሁለት ጊዜ ቀነሰ፣ አንድ ጊዜ ማለ፣ በመጨረሻ ውኃ ጠጣ። ይህ ሁሉ ሆኖም ዋጋው ከአቅማችን በላይ ነበር። እትዬ ሰዓዳ ሲነሱ «ሰላምታህን ተቀብለናል» አሉት።

በመልሱ ሐሙሲት ወረድን። እዚያ ያለ በያጅ ደግሞ በጣም ርካሽ ነገር ነበረው። ከባሌስትራው ሥር የብረት ታኮ አስገብቶ እስከ ማታ ሊያደርስልን ቃል ገባ። እትዬ ሰዓዳ ርካሽ ሲሰሙ ደስ የሚላቸው ቢሆንም፣ ርካሹን የሚመረምሩት ከውዱ አብልጠው ነው።

«እናትህን አስቀምጠህ ገደል ለገደል ትነዳበታለህ?»

በያጁ አሰብ አደረገና «እናቴ በእግሯ መሄድ ነው የምትወድ» አለ።

«እኔም እንደሷ ነኝ» ብለው ወጡ።

ደብተሬ ሰባት ገጽ ሞላ፣ ሰኔም ገባ። አሚን ገዢ ማነጋገር ጀምሮ ነበር። አንድ ሰው መጥቶ ጎማዋን በእግሩ መታ መታ አድርጎ ሲሄድ እትዬ ሰዓዳ ከባንኮኒው ጀርባ ሆነው አዩ፤ ያን ቀን ከማንም ጋር አልተከራከሩም። አንዲት ሴት ሳሙና በጠራችው ዋጋ ወስዳ፣ በሩ ላይ ደንግጣ ዞራ አየቻቸው።

በማግስቱ የሰፈሩ መካኒክ ሙላቴ የመኪናዋን ከፍታ ለመጨረሻ ጊዜ ሊለካ መጣ። ሱቁ ፊት ለፊት መሬት ላይ የተዘረጋ የፕላስቲክ ሸራ አለ፤ ነፋስ እንዳይወስደው ጫፎቹን አራት ቆልመም ያሉ ዝርግ ብረቶች ይጫኑታል። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ በነሱ ስደናቀፍ ኖሬያለሁ። ሙላቴ እዚያ አጠገብ ቁጭ ብሎ ሳለ አንዱን አነሳው፣ በእጁ መዘነው፣ ዝገቱን በጥፍሩ ጫረው።

«እትዬ፣ ይኼን ከየት አመጡት?»

«ኢልያስ ነው። ሸራ መያዣ ይሁንሽ ብሎ ያመጣው ትርፍራፊ ነው።»

ሙላቴ ብረቱን እንደያዘ ከመኪናዋ ሥር ገባና እግሩ ብቻ ቀረ። ባሌስትራ ማለት የተደራረበ ዝርግ ብረት ነው፣ መኪና ተሸክሞ የሚለጠጥ። ከሥር ሲቆጥር ተሰማን። በአራቱም ጎማ ዞረ።

«አንድ አንድ ጎድሏል» አለ ወጥቶ። «አልተሰበረም፣ አልተሰረቀም። ሰው በብልሃት አውጥቶታል፤ ቡሎኑን ሳይቀር በልኩ አሳጥሮታል። ሦስት ከተማ የዞሩለት ብረት ሸራዎ ላይ ነው ያለው። በእጅ የያዙት ወርቅ…»

«ተረትህን ተወውና ንገረኝ። ረጅም መኪና ማሳጠር ለምን ይጠቅማል?»

«ለጭነት አይጠቅምም። ለመንገድም አይጠቅምም። ምናልባት» አለ ሙላቴ እጁን እየጠረገ፣ «ለመሳፈር።»

እትዬ ሰዓዳ ወንበር ሳቡ፤ በዚህ ጊዜ ግን ለክርክር አልነበረም።

«ዳሌዬ የተሰበረ ዓመት ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እዚችው መኪና ላይ ስሳፈር ወድቄ። አራት ወር ተኛሁ። ስነሳ፣ ከእንግዲህ ገበያ አብሬህ አልሄድም፣ ከፍታውን አልችለውም አልኩት። በሳምንቱ ነው ጋራዥ ያስገባት።» ወደ ፒካፗ ዞሩ። «ዝቅ ብላ ስትመጣ ዘልዬ ወጣሁባት። ወጥቼ፣ አጠገቡ ተቀምጬ፣ ተታለልክ ብዬ ሳቅሁበት።»



ሙላቴ የኋላዎቹን ሁለት ብረቶች በሽቦ ብሩሽ ፈትጎ መልሶ ገጠማቸው። የሚመታው የኋላው ሆድ ስለሆነ ለድንጋዩ ይበቃል። የፊቶቹ ሁለቱ ቀሩ። በሳምንቱ አሚን ጭነቱን ይዞ ገሳይን አልፎ፣ ድንጋዩን ሳይነካ ደርሶ ተመለሰ። የገዢውን ስልክ ቁጥርም እናቱ እያዩ ከስልኩ አጠፋው። አሁን ፒካፗ ባዶ ስትሆን ከኋላ ከፍ፣ ከፊት ዝቅ ብላ፣ ለሽማግሌ እጅ የምትነሳ ልጅ ትመስላለች። የሰፈሩ ወጣቶች ይስቁባታል። እትዬ ሰዓዳ ለጠየቃቸው ሁሉ የሚመልሱት አንድ ነው፦ «የፊቶቹን ሙላቴ አስወደደብኝ፣ ተውኩት።»

ጠዋት ጠዋት አሁንም ይሄዳሉ። የኋላውን ጎማ ለክተው «ሰባት ጣት» ይላሉ፣ እንደ ነጋዴ። ከዚያ ዞረው የፊቱን ይለካሉ። «አራት ጣት» ይላሉ፤ እጃቸው ግን እዚያ ትንሽ ይቆያል። ገበያ ቀን ደግሞ ማንም ሳይደግፋቸው ዘልለው ይሳፈራሉ።

ስለ እሳቸው እንደምጽፍ ስነግራቸው ብዙም አልተከራከሩኝም። «ነርሱን ጻፊ። በኢልያስ ዘጠኝ ዓመት መሳቄንም ጻፊ፣ ይገባኛል። አንዷን ግን ተይልኝ» አሉኝ። እኔም እሺ አልኩ፣ እንደ ልማዴ በመጀመሪያው ዋጋ። ሁለት ዓመት ያስተማሩኝን የማስታውሰው ቤት ከገባሁ በኋላ ነው፤ አንዷም ይቺ ናት።

ያን ቀን ሙላቴ የኋላዎቹን ገጥሞ እንደጨረሰ፣ መሬት የቀሩትን ሁለቱን ብረቶች አነሳና «እትዬ፣ እነዚህን ደግሞ በነጻ ልግጠምልዎ፤ ለጋሽ ኢልያስ መታሰቢያ» አላቸው።

እትዬ ሰዓዳ ብረቶቹን ከእጁ ተቀብለው ሸራቸው ላይ መልሰው አስቀመጡ።

«ተወው ሙላቴ» አሉት። «በነጻም አስወደድከው።»