ከመታየት የዳነው ምስል

ቅርስ የሕዝብ ሀብት ነው፤ ስለዚህም ከሕዝብ ሊጠበቅ ይገባዋል። ይህን ጥልቅ እውነት ሰቆጣ ውስጥ ከወጣቱ ኃላፊ ከትእዛዙ በላይ የተረዳው አልነበረም። በ1994 ዓ.ም. ባለ አንድ ክፍሏን ቤተ መዘክር እንዲመራ ሲሾም፣ ምስል በታየ ቁጥር እንደሚያልቅ ወዲያው ደረሰበት። የንብ አናቢውን የአያ ካሤን ፎቶግራፍም ከግድግዳ አውርዶ፣ ቁልፍ ባለው ብቸኛ ሣጥን ውስጥ፣ ከምሳ ቆሎው ጎን በክብር አኖረው።

የአያ ካሤ ልጅ፣ ጡረታ የወጡት መምህርት እትዬ ለተሥላሴ፣ ስለ ዋግ ማር ቀጭን መጽሐፍ ጽፈው መጡ። አባታቸው በዕድሜያቸው የተነሡት ያቺኑ አንዲት ፎቶ ነበር፤ ለቤተ መዘክሩ በአደራ የሰጡትም ራሳቸው ናቸው።

«ልጄ፣ የአባቴን ፊት መጽሐፌ ላይ ላወጣው ነው።»

«አባትነታቸው አይካድም» አለ ትእዛዙ፤ «ምስላቸው ግን የመሥሪያ ቤቱ ነው። የማሳተሚያ ክፍያ አለው።»

«እኔው አይደለሁም እንዴ የሰጠሁት?»

«እናመሰግናለን! ለዚህም ነው በለጋሽ ተመን የምናስተናግድዎ።»

«ከሌላው ያንሳል?»

«ይበልጣል እንጂ። ባዳ ዋጋ ሲበዛበት ትቶ ይሄዳል፤ ልጅ ግን የት ትሄዳለች?»

እትዬ ከአባታቸው የቀሩትን ቀፎዎች ሸጠው ከፈሉ። ሣጥኑ በሥነ ሥርዓት ተከፈተ። ቆሎውን ተከትላ የገባች አይጥ አያ ካሤን ከግንባር እስከ አገጭ በልታቸዋለች። ደረታቸው ላይ ያረፈውን ክብ ማኅተም ግን አልነካችም፤ አይጥም ብትሆን መንግሥት ታውቃለች።

«ፊቱስ?» አሉ እትዬ፣ ድምፃቸው እየተሰበረ።

ትእዛዙ ይቅርታ ሊጠይቅ አፉን ከፈተ። ደግነቱ ኃላፊነቱ ትዝ አለው። «እትዬ፣ ክፍያው ለፎቶው ነው፤ ለፊት ብቻውን ተመን አልወጣለትም።»

አያ ካሤን በደንብ የሚያውቃቸው ወልደ ገብርኤል የሚባል ሠዓሊ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሌላ ሠርቶ ስለማያውቅ፣ ለእትዬ መጽሐፍ በትዝታ ሲሥላቸው እንደ ጻድቅ አክሊለ ብርሃን ደፋላቸው፤ አክሊሉን ግን በንቦች ሠራው። መጽሐፉ ታትሞ አምደወርቅ ገበያ ድረስ ተሸጠ። ትእዛዙም በስጦታ የደረሰውን ቅጂ አገላብጦ፣ ሥዕሉ ያለበትን ገጽ በምላጭ ቆርጦ፣ በመስተዋት አድርጎ ሰቀለው። ከሥሩም «የቤተ መዘክሩ ንብረት፤ ያለ ፈቃድ ማሳተም ክልክል ነው» ሲል ጻፈበት።

እትዬ ሊያዩት መጡ። የአባታቸው ፊት ላይ ዓይናቸውን ተክለው ቆሙ።

«እትዬ፣ እባክዎ አይቆዩበት፤ ያልቃል።»

«እሺ ልጄ» አሉ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «አደራህን፣ ይኼኛውን እንኳ ከቆሎህ አርቀው።»